ስለ ክሪፕቶ ገንዘብ፦ ዘላቂ ሀብት ነው ወይስ ማጭበርበሪያ?

(ለጥናት ክበቦች የቀረበ)

መግቢያ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደነበረ አባሎች ሁሉ ያስታውሳሉ። ከየወሩ መዋጮ የተጠራቀመው የመረዳጃ ገንዘባችን በባንክ ተቀምጦ አቅሙ ከሚመነምን ቢትኮይን ይገዛበት የሚል ነበር። ሐሳቡን ያቀረቡት አባሎች ለማኅበሩ በማሰብ ነው ያቀረቡት፤ የተቃወሙትም እንደዚሁ። ይሁን እንጂ ክርክሩ በጩኸት ተጀምሮ በጩኸት አለቀ። አንዱ ወገን «የወደፊቱ ገንዘብ ነው» ሲል፣ ሌላው «ተራ ሌብነት ነው» አለ። ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዋጋው ከምን እንደሚመነጭ ያብራራ ግን አልነበረም። ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሚሰጥ፣ የጥናት ክፍሉ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቶ አቅርቧል።

ወደ ትንተናው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ይህ ገንዘብ የትርፍ ገንዘብ አይደለም። ከምሳው ቀንሶ ያዋጣ ተማሪ አለበት። የሚውለውም ደመወዟን ተከልክላ ከአሠሪዋ ቤት ለወጣች እኅታችን የአውሮፕላን ቲኬት፣ ለታመመ ጓደኛችን መድኃኒት፣ የትምህርት ክፍያው ለዘገየበት ተማሪ ብድር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ቢትኮይን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ይህ ገንዘብ ለዚህ ዓይነት ነገር የሚውል ነውን?» የሚልም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ገንዘብ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ገንዘብ ሦስት አገልግሎቶች አሉት፤ መገበያያ ነው፣ የዋጋ መለኪያ ነው፣ ሀብት ማቆያም ነው። አንድ ነገር ገንዘብ ሊባል የሚችለው እነዚህን ሦስቱን በተሻለ ሁኔታ ሲያሟላ ነው።

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት መገበያያ ሆኖ አገልግሏል። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል ሲወጣ ርካሽ ነው፤ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ውድ ይሆናል። ዋጋው በውስጡ ያለውን የሰው ድካምና የመንገዱን ርዝመት ያሳያል። ከዚህም በላይ አሞሌ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ገበያተኛው አልቀበልም ቢል እንኳ ባለቤቱ ወደ ቤቱ ወስዶ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። የማርያ ትሬዛ ብርም እንዲሁ ነው። የተጻፈበት ዓመት 1780 ሆኖ፣ ያሠራችው ንግሥት ከሞተችም በኋላ፣ በአገራችን ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ የተዘዋወረው ሰው ያመነው ብሩን፣ ማለትም ማዕድኑን ስለነበረ ነው።

የወረቀት ገንዘብ ግን ከዚህ ይለያል። ወረቀቱ አይበላም፣ ቀልጦ ጌጥ አይሆንም። ዋጋ የሚሰጠው መንግሥት ግብሩን በእርሱ መቀበሉ፣ ሕግ ማስገደዱና የአገሪቱ ምርት ከጀርባው መኖሩ ነው። እዚህ ላይ «ታዲያ የወረቀት ገንዘብም እምነት ብቻ ከሆነ ከክሪፕቶ በምን ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ቢትኮይን እንዴት ይሠራል?

በኦክቶበር 31 ቀን 2008፣ የምዕራቡ ዓለም ባንኮች በሚንኮታኮቱበት ወቅት፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራ ሰው ወይም ቡድን አንድ አጭር ጽሑፍ አሰራጨ። ማንነቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሐሳቡ በመካከል ባንክ ሳይኖር ሁለት ሰዎች ገንዘብ የሚላላኩበትን መንገድ የሚዘረጋ ነበር። ሥራው በጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ተጀመረ።

አሠራሩን በእቁብ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በእቁብ ውስጥ ማን ስንት እንደሰጠና ማን እንደወሰደ የሚመዘግበው አንድ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ቢያታልል አባሎቹ ተጎዱ ማለት ነው። በቢትኮይን ግን መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ በመላው ዓለም በሚገኙ ብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ቅጂው ይገኛል። በየአሥር ደቂቃው ገደማ አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ገጽም ከቀደመው ጋር በሂሳብ ቁልፍ የተሳሰረ ስለሆነ የኋላውን ለመፋቅ የሚሞክር ሁሉንም መፋቅ ይኖርበታል። ብሎክቼይን የሚባለው ይህ የተሳሰረ መዝገብ ነው።

አዲሱን ገጽ ለመጻፍ ኮምፒዩተሮች አንድ አስቸጋሪ የቁጥር ፍለጋ ውስጥ ይወዳደራሉ። ያሸነፈው አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። ይህ ሥራ ማይኒንግ ይባላል። ሽልማቱ በ2009 ሲጀመር 50 ቢትኮይን ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 3.125 ሆኗል። ጠቅላላው ቁጥር ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ በሥርዓቱ ተወስኗል።

እስከዚህ ድረስ ማጭበርበር የለም። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ቴክኒኩን «ሌብነት» ብሎ መፈረጅ ከሀቅ የራቀ ነው።

3. «ዘላቂ ዋጋ አለው» የሚሉት ወገኖች ምን ይላሉ?

የዚህን ወገን ክርክር በሦስት ነጥቦች ማጠቃለል ይቻላል።

ሀ) ቁጥሩ የተወሰነ ነው። መንግሥት ሲቸግረው ገንዘብ ያትማል፤ ቢትኮይንን ግን ማንም አትሞ ሊያበዛው አይችልም። ብራችን በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ መድረሱን ሁላችንም አይተናል። በብር ያጠራቀመ ቤተሰብ ምን እንደደረሰበት መንገር አያስፈልግም።

ለ) ባንክና መንግሥትም ያታልላሉ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሊባኖስ ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507.5 ሊራ ሲመነዘር ኖረ። በኦክቶበር 2019 ባንኮቹ በራቸውን ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ያስቀመጠውን የገዛ ዶላሩን ማውጣት ተከለከለ። በ2023 ሊራው ከ98 ከመቶ በላይ ዋጋውን አጥቶ ነበር። በ2020 አሠሪዎች የሚከፍሉት አጥተው፣ ወይም አጣን ብለው፣ እኅቶቻችንን ሻንጣቸውን አሸክመው በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው እንደሄዱ አንረሳም። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ባንክ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰውን ገንዘብ ከለከለ። ስለዚህ «ባንክ የታመነ ነው» ብቻ ብሎ መከራከር አይቻልም።

ሐ) ገንዘብ ለመላክ ይረዳል። እንደ ዓለም ባንክ መረጃ 200 ዶላር ወደ ሌላ አገር ለመላክ በአማካይ ከ6 ከመቶ በላይ ይከፈላል። ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄዱ የተደረጉት ክሪፕቶዎች፣ ለምሳሌ ቴተር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ድንበር ይሻገራሉ።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች ባዶ አይደሉም። በተለይ ሁለተኛውን የሚንቅ ሰው በዚህ አካባቢ ያልኖረ መሆን አለበት።

4. ተቃዋሚዎቹስ?

የተቃዋሚው ወገን ዋና ጥያቄ «ዋጋው ከየት ይመነጫል?» የሚል ነው።

መሬት እህል ይሰጣል። ፋብሪካ ጨርቅ ይሸምናል። ብድር ወለድ ይከፍላል። ቢትኮይን ግን ምንም አይወልድም። የዛሬ አሥር ዓመት ያስቀመጥነው አንድ ቢትኮይን ዛሬም አንድ ነው። ባለቤቱ ሊያተርፍ የሚችለው ከእርሱ በተሻለ ዋጋ የሚገዛ ሌላ ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ሀብት ይመስላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በየአሥር ደቂቃው አንድ ገጽ ከተጻፈ በቀን 144 ገጽ ይሆናል። 144 በ3.125 ሲባዛ 450 ነው። ስለዚህ በየቀኑ 450 ያህል አዲስ ቢትኮይን ይፈጠራል። የአንዱ ዋጋ 100,000 ዶላር ቢሆን፣ ይህ 45 ሚሊዮን ዶላር ነው። ማይነሮቹ የኤሌክትሪክ ሂሳብና የመሣሪያ ዋጋ ለመክፈል አብዛኛውን ይሸጣሉ። እንግዲህ ዋጋው ከፍ እንዲል ሳይሆን ባለበት እንዲቆም ብቻ እንኳ በየቀኑ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ዶላር ከውጭ መግባት አለበት ማለት ነው። ገቢው ሲቀንስ ዋጋው ይወድቃል።

መውደቁም በተግባር ታይቷል። በኖቬምበር 2021 የአንድ ቢትኮይን ዋጋ 69,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ልክ በዓመቱ ከ16,000 በታች ወረደ። በከፍተኛው ዋጋ 1,000 ዶላር ያስገባ ሰው በዓመቱ እጁ ላይ 230 ዶላር ያህል ቀረው። እርግጥ ነው፣ በዲሴምበር 2024 ዋጋው 100,000 አልፏል፤ በኦክቶበር 2025ም ከ120,000 በላይ ወጥቶ በቀጣዩ ወር ደግሞ ከ90,000 በታች ወርዷል። የታገሠ አተረፈ። ጥያቄው ግን ታማሚው፣ ወይም ቲኬት የሚቆረጥላት እኅት፣ ዋጋው እስኪመለስ ከሁለት ዓመት በላይ ትጠብቃለች ወይ ነው።

እንደ መገበያያም ቢሆን አልተሳካለትም። ኤል ሳልቫዶር በሴፕቴምበር 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ አድርጋ የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በ2024 መጨረሻ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ስትስማማ ጉዳዩ ተነሣ፤ በጃንዋሪ 2025 ሕጉ ተሻሽሎ ነጋዴው ቢትኮይን የመቀበል ግዴታው ተነሳለት። ጧትና ማታ ዋጋው በሚለዋወጥ ነገር ጤፍ መሸመት አስቸጋሪ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ካየናቸው ሦስት አገልግሎቶች ሁለቱን፣ ማለትም መገበያያነቱንና የዋጋ መለኪያነቱን፣ በሚገባ አላሟላም።

በአንጻሩ፣ ወርቅም እህል አይሰጥም፤ ነገር ግን ሰው ለሺህ ዓመታት ሀብት አድርጎታል። ቢትኮይን ከ2009 ጀምሮ ብዙ ጊዜ «ሞተ» ተብሎ አልሞተም። ስለዚህ «ነገ ባዶ ይሆናል» የሚለውም እንደ «ለዘላለም ይወጣል» ሁሉ ያልተረጋገጠ ትንቢት ነው።

5. ሦስቱን እንለይ

በስብሰባችን ላይ ክርክሩን ያደናገረው አንድ ስህተት ነበር። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ዋሉ።

የመጀመሪያው ራሱ ቢትኮይንና መሰሎቹ ናቸው። ስለ እነዚህ ከላይ ተነጋግረናል። ማታለያ ሳይሆኑ ዋጋቸው በእምነት ላይ ብቻ የቆመ፣ አደጋቸው ከፍ ያለ ሸቀጦች ናቸው።

ሁለተኛው አስቀማጮቹና አገናኞቹ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2014 በቶኪዮ ይሠራ የነበረው ማውንት ጎክስ ሲከስር 850,000 ያህል ቢትኮይን ጠፋ ተባለ፤ 200,000 ያህሉ ብቻ ኋላ ተገኘ። በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ ወደቀ፤ መሪው ሳም ባንክማን-ፍራይድ በደንበኞች ገንዘብ ማጭበርበር ተከሶ በማርች 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሜይ 2022 ከዶላር ጋር እኩል ነው የተባለው ቴራ፣ በዓመት 20 ከመቶ ገደማ ወለድ ሲያስገኝ ቆይቶ፣ ከእህቱ ከሉና ጋር በቀናት ውስጥ ተኖ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዋጋ ጠፋ። ቴተርም ቢሆን «እያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ በዶላር የተደገፈ ነው» ሲል የነበረው እውነት ሆኖ ባለመገኘቱ በ2021 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ባንክን ሸሽቶ የመጣ ሰው፣ ባንክ የሚቆጣጠረውን ሕግ የሌለው ሌላ ባንክ እጅ ይወድቃል።

ሦስተኛው የክሪፕቶን ስም ብቻ የለበሰ ጥንታዊ ሌብነት ነው። በ1920 ቻርልስ ፖንዚ በቦስተን ከተማ በ45 ቀን 50 ከመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ የኋለኛውን ገንዘብ ለፊተኛው ይከፍል ነበር። ከዘጠና ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2014፣ ዋን ኮይን በቡልጋሪያ ተቋቋመ። ብሎክቼይን እንኳ አልነበረውም። ሰው ሰውን እያመጣ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ መሥራቿ ሩዣ ኢግናቶቫ በ2017 ተሰውራ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

በኛ መካከል የሚዘዋወረው በአብዛኛው ይህ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንድ ተማሪ ከቤተሰቡ የተላከለትን የአንድ ሴሚስተር ክፍያ በስልክ ለሚሠራ እንዲህ ላለ ቡድን ሰጠ። በመጀመሪያው ወር ትርፍ ተከፈለው፤ ደስ ብሎት ሁለት ጓደኞቹን አስገባ። በሦስተኛው ወር ገንዘቡን ለማውጣት «የግብር ቅድሚያ ክፍያ» ተጠየቀ። ያንንም ከፈለ። ከዚያ በኋላ የሚመልስለት ጠፋ። ያን ሴሚስተር አልተመዘገበም። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፈረው ሁለቱን ጓደኞቹን ማስገባቱ እንደነበረ ነግሮናል፤ ይህን እንድንጽፍም ፈቅዷል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሂሳብ ይበቃል። በቀን 1 ከመቶ እከፍላለሁ የሚል ሰው፣ ትርፉ ሳይወጣ ቢጠራቀም 1,000 ዶላር በአንድ ዓመት 37,800 ዶላር ያህል ይሆናል ማለቱ ነው። ይህን የሚያደርግ ንግድ በዓለም ላይ ካለ፣ ባለቤቱ የኛን መቶ ዶላር ለምን ይለምናል? እንደገና፣ እያንዳንዱ ሰው አምስት ሰው ያምጣ ቢባል፣ በአሥረኛው ደረጃ 9,765,625 ሰው ያስፈልጋል፤ በአሥራ ሁለተኛው ከ244 ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ሕዝብ የሚበልጥ። ሰንሰለቱ መበጠሱ የማይቀር ነው፤ የሚበጠሰውም ብዙ ሰው ባለበት በታችኛው ጫፍ ነው።

6. የአገራችን ድርሻ

ቻይና በ2021 ማይኒንግን ከከለከለች በኋላ ማይነሮቹ ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ ተበተኑ። አንዳንዶቹ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ክፍያውን በውጭ ምንዛሬ እየተቀበለ ኃይል ሸጠላቸው። በዚሁ ጊዜ፣ በጁን 2022፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሕጋዊው ገንዘብ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ሸቀጡ በአገራችን ኃይል ይመረታል፣ ገበያው ግን ለዜጎች ዝግ ነው ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው፣ የማሠራጫ መስመር በሌለበት ኃይሉ ያለ ሥራ ከሚቀር ለዶላር ቢሸጥ ምን ይጎዳል ይላል። ሁለተኛው፣ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት በሌለበት አገር፣ በሕዝብ መዋጮ የተገነባው ግድብ ኃይል ለቁጥር ፍለጋ መዋሉ ተገቢ አይደለም፤ የሚቀርልን የመብራት ሂሳብ ብቻ ሲሆን የተመረተው ሀብት ግን በሰከንድ ውስጥ ከአገር ይወጣል ይላል። የጥናት ክፍሉ መመዘኛው አንድ ነው ብሎ ያምናል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ዶላር ወደ ማሠራጫ መስመር መለወጡና አለመለወጡ። ይህ ለቀጣይ ጥናት የሚተው ነው።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉትን እንጨብጣለን።

አንደኛ፣ ቢትኮይን ራሱ ማጭበርበሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘላቂ ዋጋ አለው ለማለት የሚያስችል፣ ከገዢዎች እምነት ሌላ መሠረት አልተገኘለትም።

ሁለተኛ፣ የተረጋገጠ ትርፍ የሚሰጥ፣ ሰው ካመጣህ ጉርሻ የሚል፣ ለማውጣት ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ሌብነት ነው። አባሎች በየመኖሪያቸው በተለይም ለቤት ሠራተኛ እኅቶቻችን ይህንን በቃል የማስረዳት ግዴታ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውምና።

ሦስተኛ፣ የመረዳጃ ገንዘብ የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። ክፉ ቀን ደግሞ የገበያውን መውጣትና መውረድ አይጠብቅም። ስለዚህ የጥናት ክፍሉ ሐሳቡ ተቀባይነት እንዳያገኝ ይመክራል። የባንክ ሥጋት ግን እውነተኛ ስለሆነ፣ ገንዘቡ በአንድ ባንክ ብቻ እንዳይቀመጥ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚበቃው በእጅ እንዲገኝ፣ ሂሳቡም በየሦስት ወሩ ለአባሎች እንዲነገር ሐሳብ ያቀርባል። ከራሱ ትርፍ ገንዘብ፣ ቢጠፋ በማይጎዳው መጠን፣ ቢትኮይን የሚገዛ አባል ያ የራሱ ጉዳይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ግን ከመግዛቱ በፊት ያስታውስ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አሞሌ፣ የወረቀት ብርና ቢትኮይን ዋጋቸውን ከምን ያገኛሉ? አነጻጽሩ።

2. የሊባኖስ ባንኮች ሁኔታ የቢትኮይን ደጋፊዎችን ክርክር ምን ያህል ያጠናክራል? ክርክሩ የት ላይ ይቆማል?

3. አንድ ሰው በወር 10 ከመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ቢላችሁ፣ 500 ዶላር በሁለት ዓመት ስንት ይሆናል? አስሉና ምን እንደምትመልሱለት ተወያዩ።

4. ከቤተሰቦቻችሁ ወይም ከጓደኞቻችሁ ተጭበርብሮ አፍሮ የተደበቀ ካለ፣ ሳይሸማቀቅ እንዲናገር ምን ማድረግ እንችላለን?

የየክበቡ ጸሐፊዎች የውይይቱን ውጤት ከጠቅላላ ስብሰባው በፊት ለጥናት ክፍሉ እንዲያስረክቡ በአክብሮት እናሳስባለን።